መብራቱን ያጠፉት እናት

ኮምቦልቻ ውስጥ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ። ስሜ ሰዓዳ ነው። አባቴ ድንገት ሲያርፍ ታናናሾቼ በእኔ ትከሻ ላይ ቀሩ። ያኔ ደግሞ አገሩ ሁሉ ወደ ሳዑዲ የሚነቀልበት ዘመን ነበር፤ የተማረች ያልተማረች ሳይባል ከየቤቱ አንዲት ልጅ ፓስፖርት ይዛ ትወጣለች። እኔም ጠመኔዬን አስቀምጬ ወጣሁ። በኮንትራት የገባሁበት ቤት ጅዳ፣ ሳፋ ሰፈር ነው። ማዳሜ ራሷ አስተማሪ ነበረች፤ እኔም አስተማሪ እንደነበርኩ ስትሰማ ትንሽ ያፈረች መሰለኝ፣ ጁምዓ ጁምዓ ከቤት እንድወጣ ፈቀደችልኝ። ይህ ለስንቶቻችን ያልተገኘ ዕድል እንደሆነ እዚያ የኖረ ያውቀዋል።

ጁምዓ የምሄደው ጉለይል ነበር። ጉለይል ቤቶቹ ያረጁ፣ መንገዱ የጠበበ፣ የእኛ ሰው ተደራርቦ የሚኖርበት ሰፈር ነው። እዚያ እትዬ ዘሃራ ነበሩ። የወረባቦ ሴት ናቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ከምድር ቤት ተነስቶ ጣራ ላይ ይሰማል። ብዙ ዘመን በሰው ቤት ሠርተው፣ ከከፊላቸው፣ ከዋስ አሠሪያቸው፣ ጋር ሳይስማሙ ከቤቱ ወጥተው፣ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተው ሳምቡሳ እየጠበሱ ይኖሩ ነበር። ከአሠሪዋ የተጣላች፣ የታመመች፣ ሥራ ያጣች ሴት ማረፊያዋ እሳቸው ጋ ነው።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ነጃት ትባላለች። እሷም መካ፣ ዐዚዚያ በሚባል ሰፈር በሰው ቤት ትሠራለች። ከጅዳ መካ ሩቅ አይደለም፤ እናትና ልጅ ግን ከተያዩ ዓመታት አልፈዋል። እሳቸው መንገድ ላይ ፍተሻ ይፈራሉ፣ ልጅቱ ከቤት አትወጣም። የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነበር።

ትምህርቱ የተጀመረው በሐያት ሰበብ ነው። ሐያት የመብራት ምሰሶ ካልደረሰበት ገጠር በቀጥታ የመጣች ልጅ ነበረች። ጅዳ በገባች ማግስት በማጠቢያ ማሽንና በኦቨን፣ በካውያና በውሃ ማሞቂያ መሃል አቆሟት። አንድ ቀን የምትጠብስበት ዘይት እሳት ሲይዝባት ውሃ ቸለሰችበት። ክንዷ ተለብልቦ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ ጉለይል መጣች። እትዬ ዘሃራ ቁስሏን ማር እየቀቡ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ አስተማሪ አይደለሽ እንዴ?"

"ነበርኩ፣ እትዬ።"

"አስተማሪ ነበርኩ አይባልም። ከመጪው ጁምዓ ጀምሮ ታስተምሪያቸዋለሽ። አንዷ እጇን፣ ሌላዋ ዓይኗን እያጣች እስክታልቅ ነው የምንጠብቅ?"

ክፍል ውስጥ ሳስተምር የነበረው ቀመር እዚያ እንደማይጠቅመኝ ገና በመጀመሪያው ጁምዓ ገባኝ። ስለዚህ ትምህርቱን በአደጋ ጀመርኩት። "ዘይቱ ነደደ፤ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?" "ካውያው ነዘረሽ፤ ከዚያስ?" "በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማሞቂያና ኦቨን ሰክተሻል፤ ገመዱ ጋለ፤ የቱን ትነቅያለሽ?" መልሱን ስንፈልግ ገመድ ለምን እንደሚግል፣ እርጥብ እጅ ለምን እንደሚያስይዝ፣ የትኛው ዕቃ ብዙ መብራት እንደሚበላ ሳያውቁት ይማሩ ነበር። ለእያንዳንዷ የምሰጣት የቤት ሥራ አንድ ነው፦ በምትሠሪበት ቤት ጠብሎኑ የት እንዳለ ፈልገሽ አግኚ። ጠብሎን እዚያ አገር የቤቱ መብራት በሙሉ የሚጠፋበት የግድግዳ ሳጥን ነው።

ልጆቹ ሙዓሊማ፣ አስተማሪ፣ ቢሉኝም ትምህርቱን ያጣፈጡት እትዬ ዘሃራ ናቸው። እሳቸው ማዳም ይሆናሉ። ነጠላቸውን እንደ ዐባያ ተከናንበው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ "ያላ! ሱርዓ! እሳቱ ሲነድ ቆመሽ ታይኛለሽ?" ብለው ሲጮሁ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳምንቱን ሙሉ በዚያ ቃል ሲያለቅሱ የከረሙ ልጆች እሳቸው ሲሉት ይስቁበታል። ደግሞ ጥያቄ የሚያበዙት እሳቸው ነበሩ። "ቆይ፣ እንዳይረሳኝ እንደገና ንገሪኝ" ይላሉ። ያኔ ለራሳቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጁምዓ ሰማዩ ደምኖ ነበር። ከሰላት መልስ ምሳ በልተን ስናበቃ የቀኑን ትምህርት ጀመርኩ፦ ሰው መብራት ሲይዘው ምን እናደርጋለን?

እትዬ ዘሃራ ሳይጠየቁ መሬት ላይ ተዘረሩ። የፍሪጁን እግር ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይኸው ያዘኝ" አሉ።

አንዷ ልጅ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች።

"ሞተሻል" አልኳት። "አሁን ሁለት ሬሳ ሆናችሁ። በእጅ አይነካም። እናትሽ ብትሆንም አትነኪም። መጀመሪያ ጠብሎኑን ታጠፊያለሽ። ማጥፋት ካልቻልሽ ደረቅ እንጨት ላይ ቆመሽ፣ በደረቅ እንጨት ገፍተሽ ታላቅቂያለሽ።"

"እናትም ብትሆን?" አለች ልጅቷ።

"እናትም ብትሆን።"

እትዬ ዘሃራ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "በሉ እንግዲህ አልቅሱልኝ፣ ሞቻለሁ" አሉ። ሴቶቹ በአንድ አፍ፣ "አዑዙቢላህ! ይህን አይበሉ እትዬ፣ ክፉ አያናግርዎ!" ብለው ጮሁ። እሳቸው እየሳቁ ተነሱ።

ዝናቡ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጅዳ ዝናብ ብርቅ ነው። ሁሉም ወደ በሩ ሮጠ። ልጆቹ እጃቸውን ዘርግተው ጠብታውን እየያዙ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ዝናብ ሲወርድ ዱዓ ይሰማል ይባላልና። አንዷ ስለ አገሯ ክረምት ስታወራ አስለቀሰችን። ሐያት ብቻ አልነበረችም። ሌሊቱን ለእንግዶች ስታበስል አድራ ስለመጣች ከምሳ በኋላ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ተኝታለች።

ያ ቤት ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ከመንገድ በብረት በር ወደ ጠባብ መተላለፊያ ይገባል፤ ከመተላለፊያው በግራ ወደ ላይኛው ፎቅና ወደ ጣራ የሚወጣ ደረጃ አለ፣ በቀኝ ደግሞ ወደ እትዬ ዘሃራ ክፍሎች የሚያስገባ በር። የእሳቸው ጠብሎን ከደረጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ ነው። ከብረቱ በር ጥግ ደግሞ ውሃ ወደ ጣራው ታንከር የሚገፋ ዲናሞ ተቀምጧል። ጣራው ላይ ሐሪሱ፣ የሕንጻው ጠባቂ፣ ይኖራል።

መንገዱ ወዲያው ወንዝ ሆነ። መጀመሪያ ውሃው በበሩ ሥር እንደ ምላስ ሾልኮ ገባ። ሴቶቹ መጥረጊያና ጨርቅ ይዘው እየሳቁ ይገፉታል። እኔ ግን የግድግዳውን ሶኬት አየሁ፤ ወለሉ አጠገብ ነው። ማከፋፈያው ደግሞ እዚያው መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ፍሪጁም፣ ኤሲውም በእሱ ላይ ነው የተሰኩት።

"ተዉት!" አልኩ። "ምንም እንዳትነኩ። ሁላችሁም ወደ ደረጃው!"

"ፍሪጁ ውስጥ ያለው ሥጋስ?" አለች አንዷ።

"ሥጋው ይበላሽ! ውጡ!" ብለው የጮሁት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ያ ድምፃቸው ሁሉንም ነቀለው። እየተጋፋን፣ ጫማ ያደረገ በጫማው ያላደረገ በባዶ እግሩ፣ ደረጃው ላይ ወጣን። ብዙም አልቆየም፣ የብረቱ በር በውሃው ግፊት ተበረገደና ቡናማ ጎርፍ መተላለፊያውን ሞላው። ሰንደሎቻችን ሲንሳፈፉ አየን። በጥድፊያው ጠብሎኑን ያጠፋ አልነበረም፤ መብራቱ እንደበራ ነበር።

ያን ጊዜ ሐያት ከውስጥ ጮኸች።

ሁላችንም ከእኛ ጋር ያለች መስሎን ነበር። እሷ ግን የኤሲው ድምፅ ውጧት፣ ብርድ ልብሱን ተከናንባ ተኝታለች። ስትነቃ አልጋዋ ሥር ውሃ ነው።

"ሐያት!" አልኳት ከደረጃው ላይ ሆኜ። "አልጋው ላይ ቁሚ! እግርሽን ውሃ ውስጥ እንዳታስገቢ! ትሰሚያለሽ?"

"ሙዓሊማ፣ ውሃው ፍራሹ ጋ ደርሷል!"

"ቁሚበት! እንዳትወርጂ!"

"ልወርድ ነው! ወላሂ ልወርድ ነው! ያረቢ!"

ስልኬን አወጣሁና ቆም አልኩ። የአደጋ ሠራተኞች ሲመጡ ፖሊስም አብሮ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ ዘሃራን አየኋቸው። ያሰብኩት ገባቸው።

"ደውይ" አሉኝ።

"ኢቃማ የለዎትም፣ እትዬ።"

"ነፍስ ከኢቃማ ትበልጣለች። ደውይ አልኩሽ።" ወደ ሌሎቹ ዞሩና፣ "ኢቃማ የሌላችሁ ወደ ጣራ ውጡና ወደ ጎረቤት ተሻገሩ። ያላ!" አሉ። እሳቸው ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም።

ደወልኩ። መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል። ከተማው ሁሉ ነበር የሚደውለው። ሐያት ደግሞ መጮኋን ትታ ማልቀስ ጀምራለች፤ ሰው ከመጮህ ወደ ለቅሶ ሲያልፍ ተስፋ መቁረጡ ነው፤ አሁን እንደምትወርድ አወቅኩ።

እትዬ ዘሃራ ከደረጃው ጥግ የነበረውን የመጥረጊያ እንጨት አነሱ። በልብሳቸው ጠረጉት። ከዚያ እኔ ያስተማርኩትን ሁሉ አንድም ሳያጎድሉ አደረጉት። ከውሃው በላይ ባለው ደረቅ ደረጃ ላይ ቆሙ፤ ጫማቸው ጎማ መሆኑን ጎንበስ ብለው አዩ፤ ግድግዳውን ሳይነኩ እንጨቱን ዘርግተው የጠብሎኑን ትልቁን ማብሪያ ወደ ታች መቱት። አንዴ ሳቱት። በሁለተኛው ቤቱ ጨለመ። ኤሲው ዝም አለ።

"አሁን ውረጂ ልጄ!" አሉ። "ጠፍቷል! በግድግዳው በኩል ቀስ ብለሽ ነይ!"

እልል ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ እልልታው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር።

ሐያት ከክፍሉ ወጣች። ውሃው ወደ ጉልበቷ ደርሷል፤ ከመንገድ የሚገባው ጎርፍ ወደ ኋላ ይገፋታል። የበሩን መቃን ይዛ ቀረች፤ አቃታት። ያን ጊዜ እትዬ ዘሃራ እንጨቱን ደረጃው ላይ ጥለው ወደ ውሃው ወረዱ። መብራቱ ጠፍቷል፤ ምን ይፈራሉ? "እጅሽን ስጪኝ" እያሉ ሄዱ። ጎርፉ እግራቸውን አዳለጠው። ላለመውደቅ በአጠገባቸው ያገኙትን ያዙ። ያገኙት የዲናሞውን ቱቦ ነበር።

ዲናሞው የሕንጻው ባለቤት ንብረት ነው። መስመሩ የሚመጣው ከእሳቸው ጠብሎን አልነበረም፤ ጣራ ላይ ካለው ከሌላ ሳጥን ነበር። ይህን ከእኛ አንዳችንም አናውቅም።

ድምፅ አላሰሙም። ያ ጣራ ድረስ የሚሰማ ድምፃቸው ያን ቀን አልወጣም። ሰውነታቸው ደረቀ፤ እጃቸው ቱቦውን እንደጨበጠ ቀረ።

ከጎኔ የነበረችው ልጅ፣ እዚያው ከምሳ በኋላ ክንዳቸውን የያዘችው ልጅ፣ ልትወረወር ስትል በወገቧ አንቄ ያዝኳት። ነከሰችኝ። "ልቀቂኝ! እናቴ ናት! እናታችን ናት!" ትላለች። ሐያት ከዚያ ማዶ እጇን ዘርግታለች። "ሐያት ተመለሽ! አትንኪያቸው! አልጋው ላይ ውጪ!" እያልኩ እጮሃለሁ። ሰው የሚወዳትን እናት እየሞተች አትንኩ ብሎ መጮህ ምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ትምህርቱን ሳስተምር ቃሉ ቀላል ነበር።

"ጣራ ላይ ሂጂ! ሐሪሱን የዲናሞውን መብራት አጥፋ በይው!" ብዬ ልጅቷን ወደ ላይ ገፋኋት። ሮጠች። እኔ እትዬ ዘሃራ የጣሉትን እንጨት አንስቼ፣ ደረጃው ላይ ተንበርክኬ፣ ጣቶቻቸውን ከቱቦው ለማላቀቅ ገፋሁ። የእኚያን ሴት እጅ፣ ያን ሁሉ ሰው ያበላ እጅ፣ በመጥረጊያ እንጨት ገፋሁት። ተላቀቀ። ውሃው ውስጥ ወደቁ። ግን ውሃው ውስጥ መግባት አልችልም፤ ዲናሞው ገና አልጠፋም። ልብሳቸውን በእንጨቱ ጠምዝዤ ወደ ደረጃው ጎተትኩ፤ ፊታቸውን ከውሃው ቀና አደረግሁት። ሐሪሱ የመናዊ ሽማግሌ ነበር፤ ከጣራው ላይ "ኸላስ! ጠፍቷል! ኸላስ!" ሲል ሰማሁት። ገባሁ። ሐያትም መጣች። ተሸክመን ደረጃው ላይ አወጣናቸውና ደረታቸውን ስጫን፣ ስጫን፣ ስጫን ቆየሁ። ሐያት ጆሯቸው ላይ ሸሃዳ ታሰማቸው ነበር።

የአደጋ ሠራተኞቹ ሲደርሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ስለ ኢቃማ የጠየቀን አልነበረም። አንደኛው ወጣት የተኙበትን አየ፤ እኛን አየ፤ ስንት እንደነበርን ጠየቀኝ። ነገርኩት። "ሌላ ቦታ አንዱን መብራት ሲይዘው ቤተሰቡ ሁሉ ይከተለዋል" አለኝ። "እናንተ እንዴት ተረፋችሁ?" በጨርቅ ሸፍነው ወሰዷቸው።

የቀረው መርዶው ነው።

ጋሽ ኢብራሂም የሚባሉ የእትዬ ዘሃራ አገር ሰው ነበሩ። ጅዳ፣ ፔትሮሚን ሰፈር ውስጥ በመኪና ቀለም ቤት ይሠራሉ። በማግስቱ ከፈጅር ሰላት በኋላ በአሮጌ መኪናቸው እኔን ይዘው ወደ መካ ተነሱ። ማዳሜ ስልክ ላይ ሆና አልቅሳ ፈቅዳልኛለች። መንገዱ ሁሉ ጭቃና የተገለበጠ መኪና ነበር። ጋሽ ኢብራሂም አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ "እኔ ነኝ የምነግራት። አንቺ ያዣት።"

በሩን የከፈተችልን ነጃት ራሷ ናት። እናቷን ቁርጥ። ቁመቷም፣ ድምፅዋም። ፊቷ በደስታ በራ።

"ሙዓሊማ ሰዓዳ ነሽ አይደል? በአላህ! አይቼሽ ሳላውቅ አወቅኩሽ።"

"እንዴት አወቅሽኝ?"

"እማዬ አንቺን አስመስላ ነው የምታስተምረኝ። ጁምዓ እናንተ ስትበተኑ ትደውልልኛለች። 'ነጃት፣ ዘይቱ ነደደ፣ ምን ታደርጊያለሽ?' ትለኛለች፤ ሳልመልስ ስልኩን አትዘጋም።" ሳቀች። "ትናንትማ ሙዓሊማ፣ እማዬ ናት ያተረፈችን!"

ጋሽ ኢብራሂም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነጃት አላየቻቸውም፤ እየተጣደፈች ነው የምትነግረኝ። በዝናቡ ጊዜ የቤቱ ልጆች ምድር ቤት ይጫወቱ ነበር። ውሃ በመስኮት ሲገባ ማዳሟ ጨርቅ ይዘሽ ውረጂ አለቻት። ነጃት ግን መጀመሪያ ልጆቹን ጠርታ አወጣች፤ ከዚያ ጠብሎኑን አጠፋች።

"ማዳም ጮኸችብኝ። ጨለማ አደረግሽብን፣ አብሪው አለችኝ። እምቢ አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኳት። በኋላ ባባ፣ ባሏ፣ መጥቶ ሲወርድ የልጆቹ መጫወቻ የተሰካበት ማከፋፈያ ውሃ ውስጥ ሰምጦ አየ። እዚያው ተቀመጠ። ማዳም ግንባሬን ሳመችኝ። ይህን ልነግራት ማታ ስደውል ስደውል ስልኳ ዝግ ነው። ውሃ ገባበት አይደል? እኔ ስልክሽን መሬት ላይ አታስቀምጪ ስላት አትሰማኝም።"

በዚህ መሃል ማዳሟ ከኋላ መጣች፤ የጋሽ ኢብራሂምን ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየችና በአረብኛ፣ "ምን ሆናችሁ?" አለችኝ። ለእሷ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በአረብኛ "እናቷ" አልኳት። ነጃት ግን ከእኔ የተሻለ አረብኛ ታውቃለች።

ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አላለቀሰችም። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ እስከ ዛሬ የሚቀሰቅሰኝ ጥያቄ ነው።

"ሳታጠፋ ነው ውሃው ውስጥ የወረደችው?"

"አጥፍተው ነው" አልኳት። "የራሳቸውን አጥፍተዋል። ሌላ መስመር ነበረ፤ ማናችንም አናውቀውም ነበር። ልጅ ሊያወጡ ነው የወረዱት። ልጅቷ ድናለች።"

"እንግዲያው አልተሳሳተችም" አለች። ይህን ብላ እንደ ወደቀ ልብስ መሬት ላይ ተሰበሰበች። ጋሽ ኢብራሂም "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ። ማዳሟ መሬት ላይ ተቀምጣ የነጃትን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፤ እንደ ራሷ ልጅ እያወዛወዘች ታለቅስ ነበር። የቤቱ ልጆች ደረጃው ላይ ቆመው ያዩናል። በሕይወት ነበሩ።

የቤቱ አባወራ ከዚያ በኋላ ያደረገውን አልረሳም። ኢቃማ የሌለው ሬሳ ሆስፒታል ውስጥ እንደሚከርም ያውቃል። ራሱ ጅዳ ወርዶ፣ ከቀድሞ ከፊላቸው ጀምሮ ከቢሮ ቢሮ ዞሮ፣ ሬሳው መካ እንዲመጣ አደረገ። በመካው ታላቅ መስጊድ፣ በሐረም ውስጥ ያ ሁሉ ሕዝብ ሰገደባቸው። እዚያ አገር ሴት ቀብር አትሄድም፤ እኔና ነጃት እቤት ቀረን። የቀበሯቸው ጋሽ ኢብራሂም ናቸው። ተመልሰው ሲመጡ እጃቸው ላይ አፈር ነበር፤ ነጃት ያንን እጅ ይዛ ሳመችው፤ ያኔ ነው የመጀመሪያ ለቅሶዋ የወጣው። እትዬ ዘሃራ በፍተሻ ፍርሃት ልጃቸውን ሊያዩ ያልመጡባት ከተማ ውስጥ ቀሩ።

ነጃት ከጥቂት ወራት በኋላ አገሯ ገባች። ሐያትም ብዙ አልቆየችም። እኔ ቀረሁ። ኮንትራቴን ስጨርስ ጅዳ ውስጥ የሐበሻ ልጆች በሚማሩበት አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ እንዳስተምር ዕድል ገጠመኝ፤ ጁምዓ ግን አሁንም ጉለይል ነኝ።

ወገኖቼ፣ ያ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። ድሮ ትምህርት ማለት የማውቀውን መስጠት ይመስለኝ ነበር። አሁን ክፍል ስገባ መጀመሪያ የምነግራቸው የማላውቀውን ነው። "አንድ ማጥፊያ አጠፋሁ ማለት ሁሉ ጠፋ ማለት አይደለም" እላቸዋለሁ። ከዚያ ሕንጻውን ይዣቸው እዞራለሁ፤ የዲናሞው መስመር የት ነው፣ የጣራው የት ነው፣ የጎረቤቱ ከየት ይመጣል እያልን እንፈልጋለን። ውሃ ባለበት ማጥፊያውን ያጠፋ ሰውም ውሃው ውስጥ መግባት እንደሌለበት አስተምራለሁ። ይህን ባስተማርኩ ቁጥር የእሳቸው ፊት ይመጣብኛል። አንዳንዴ ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ። ልጆቹ ጠመኔ የምፈልግ ይመስላቸዋል።

ልጆቻችሁን ወደ ሰው አገር የምትልኩ እናቶችና አባቶች፣ ከዱዓችሁ ጋር ይህንንም ስጧቸው። በቤታችሁ የሰው ልጅ ቀጥራችሁ የምታሠሩም፣ ወጥ ቤቱን ከማሳየታችሁ በፊት መብራቱ የሚጠፋበትን አሳዩዋት። እሷ ብቻ አይደለችም የምትተርፈው።

ጅዳ ላይ ደመና ሲያንዣብብ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ልጆች ወደ መንገድ ይሮጣሉ፣ ቤተሰብ ባሕር ዳር ይወጣል። እኔ ስልኬን ይዤ እቀመጥና ላስተማርኳቸው ሴቶች አንድ በአንድ እደውልላቸዋለሁ፤ ሳፋ ላሉትም፣ መካ ላሉትም። አንዳንዶቹ፣ "ሙዓሊማ ደግሞ፣ ገና አልዘነበምኮ!" ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። ድምፃቸውን ሰምቼ እዘጋለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው።